ከቆጣሪ በኋላ ያለው ኃላፊነት፡ የንግድ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መደበኛ ጥገና በቂርቆስና በካዛንቺስ

በአዲስ አበባ ከተማ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስና በዙሪያው የሚገኙ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ የቢሮ ሕንፃዎች፣ ክሊኒኮችና ሱቆች የዕለት ተዕለት ሥራቸው በኤሌክትሪክ ኃይል ላይ የተመሠረተ ነው። ኃይል ሲቋረጥ የመጀመሪያው ግምት መስመሩ ከውጭ ተቋርጧል የሚል ነው። ሆኖም ጎረቤት ያለው ሕንፃ መብራት እያለው የአንዱ ብቻ የሚጠፋበት፣ አንድ ፎቅ ጨልሞ ሌላው የሚበራበት፣ ወይም ብሬከር በየቀኑ በምሳ ሰዓት የሚወርድበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለው ጊዜ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሕንፃው ውስጥ ባለው ማከፋፈያ ነው።

ይህ ጽሑፍ የንግድ ሕንፃ ባለቤቶች፣ የሕንፃ አስተዳዳሪዎችና ተከራዮች የውስጥ ማከፋፈያቸውን በየጊዜው እንዴት ማስጠገን እንደሚገባቸው፣ የትኛው ሥራ የማን እንደሆነና አገልግሎት ሲፈልጉ ወዴት እንደሚያመለክቱ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

1. ኃይሉ ወደ ሕንፃው የሚደርስበት መንገድ

በኃይል ማመንጫዎች የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በከፍተኛ ቮልቴጅ የማስተላለፊያ መስመሮች ወደ ከተማው ማከፋፈያ ጣቢያዎች ይደርሳል። የማመንጨቱንና በከፍተኛ ቮልቴጅ የማስተላለፉን ሥራ የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ኃይሉን ለደንበኛ የማከፋፈልና የመሸጥ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሁለቱ ተቋማት የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም ለሁለት ሲከፈል የተቋቋሙ ናቸው።

በአዲስ አበባ ከማከፋፈያ ጣቢያ የሚወጣው መካከለኛ መስመር በአብዛኛው 15,000 ቮልት ይይዛል። በየአካባቢው የሚገኙት ትራንስፎርመሮች ይህን ወደ ዝቅተኛ መስመር፣ ማለትም በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ወደሆነ መጠን ያወርዱታል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በቆጣሪ በኩል ወደ ሕንፃው ዋና ማከፋፈያ፣ ከዋናው ማከፋፈያ ወደየፎቁ አነስተኛ ማከፋፈያ፣ ከዚያም ወደ መብራት፣ ሶኬት፣ አሳንሰር፣ የውኃ ፓምፕና ምድጃ ይደርሳል።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ተመርቋል። በማመንጫ በኩል የተገኘው አቅም ለደንበኛው የሚጠቅመው ግን በመንገዱ ያለው እያንዳንዱ ግንኙነት ጤናማ ሲሆን ነው። ከግድቡ ተነሥቶ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ የመጣ ኃይል፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ባለ በላላ ብሎን ምክንያት ሊቆም ይችላል።

2. የኃላፊነት ወሰን

ዋናው መለያ ቆጣሪው ነው። እስከ ቆጣሪው ያለው መስመርና ቆጣሪው ራሱ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት ሥር ናቸው። ከቆጣሪ በኋላ ያለው ዋና ማከፋፈያ፣ የውስጥ ገመድ፣ የመሬት መስመር፣ ጀነሬተርና ማንኛውም መገልገያ የደንበኛው ኃላፊነት ነው። በዚህ መሠረት፦

• የቆጣሪን ማኅተም መክፈት፣ ቆጣሪን ማዛወር ወይም ከቆጣሪ በፊት ካለው መስመር ላይ መሥራት ለደንበኛውም ሆነ ደንበኛው ለቀጠረው ባለሙያ የተከለከለ ነው።
• ለአንድ ሕንፃ ብቻ የተተከለ ትራንስፎርመር ያላቸው ደንበኞች የጥገናው ኃላፊነት የማን እንደሆነ በኃይል አቅርቦት ውላቸው ላይ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ውሉ የሚለው ምንም ይሁን ምን ትራንስፎርመሩን መክፈትና በመካከለኛ መስመር ላይ መሥራት የሚችሉት ለዚሁ የተፈቀደላቸው ባለሙያዎች ብቻ ናቸው።
• በርካታ ባለቤቶች በሚጋሩት ሕንፃ፣ ለምሳሌ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በሚተዳደር ሕንፃ፣ የጋራ የሆነው ዋና ማከፋፈያ፣ የደረጃ መብራት፣ አሳንሰርና ፓምፕ በማኅበሩ በኩል ይጠገናሉ። የእያንዳንዱ ሱቅ ወይም ቢሮ የውስጥ መስመር ደግሞ የባለቤቱ ነው።
• በኪራይ ሕንፃ የትኛው ጥገና የአከራይ፣ የትኛው የተከራይ እንደሆነ በኪራይ ውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባዋል። በውሉ ያልተጻፈ ጥገና ሁለቱም ወገኖች ሌላው ይሠራዋል ብለው የሚተዉት ጥገና ነው።

አሠሪ የሆነ ድርጅት ከዚህ በተጨማሪ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኞቹን የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ክፍት የሆነ ማከፋፈያ ሳጥን ወይም የተላጠ ገመድ ባለበት ሥራ ቤት ሠራተኛ ማሰማራት ከዚህ ግዴታ ጋር የሚቃረን ነው።

3. የቂርቆስና የካዛንቺስ ልዩ ሁኔታ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረ የጣሊያን ተቋም ምኅፃረ ቃል ነው። በ1953 ዓ.ም የአፍሪካ አዳራሽ በአካባቢው ከተመረቀ በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኑ፣ ሆቴሎችና ቢሮዎች እየበዙ መጥተዋል። በ2017 ዓ.ም ደግሞ አካባቢው በኮሪደር ልማት ሥራ በስፋት የተለወጠ ሲሆን፣ በልማቱ መንገዶች የኤሌክትሪክና የቴሌኮም መስመሮች ወደ መሬት ውስጥ እንዲገቡ ተደርጓል።

ይህ ለውጥ ለሕንፃ ባለቤቶች ሦስት ነገሮችን ያስከትላል።

አንደኛ፣ በመንገዱ በኩል ያለው መስመር አዲስ ቢሆንም ከቆጣሪ በኋላ ያለው መስመር በቀድሞ ዕድሜው ላይ ነው። ለጥቂት አምፖሎችና ለአንድ ሬዲዮ ታስቦ የተዘረጋ ገመድ ዛሬ የቡና ማሽን፣ ማቀዝቀዣ፣ ኮምፒዩተርና ምድጃ ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። የውጭው መስመር መታደስ የውስጡን አያድስም።

ሁለተኛ፣ ከመሬት በታች ያለ ገመድ በዓይን አይታይም። በግቢ ወይም በእግረኛ መንገድ ዳር ለቧንቧ፣ ለአጥር ወይም ለማስታወቂያ ሰሌዳ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን መጠየቅና ከክፍለ ከተማው ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ዶማ ያገኘው የ15,000 ቮልት ገመድ ቆፋሪውን ለሞት ሊዳርግ፣ ሰፈሩንም በሙሉ ሊያጨልም ይችላል።

ሦስተኛ፣ ገመዱ ወደ ሕንፃው የሚገባበት የመሬት ውስጥ ቱቦ በሚገባ ካልተደፈነ የክረምት ጎርፍ በቱቦው አልፎ ምድር ቤት ወዳለው ዋና ማከፋፈያ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የቱቦው አፍ መደፈኑን ማየት የመደበኛ ጥገና አካል ነው።

ከዚህ ሌላ የከፍታውን ነገር ማስታወስ ይገባል። ካዛንቺስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃዎች የዝቅተኛ ቮልቴጅ ብሬከሮችንና ማከፋፈያዎችን መደበኛ አቅም የሚወስኑት እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ፣ የትራንስፎርመርንና የሞተርን ደግሞ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃውን የማቀዝቀዝና ፌዝን ከፌዝ የመለየት አቅሙ ይቀንሳል። የናፍጣ ጀነሬተርም በሳሳ አየር ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ስለዚህ ብሬከር፣ ትራንስፎርመር፣ ሞተር ወይም ጀነሬተር ሲገዛ አምራቹ ለከፍታ ያወጣው የአቅም ቅነሳ ሠንጠረዥ መታየት አለበት፤ በዕቃው ላይ የተጻፈውን አቅም እስከ ጫፉ መጠቀምም አይመከርም።

4. ያልተጠገነ ማከፋፈያ ምን ይሆናል?

የላላ ግንኙነት። ገመድና ብሬከር የሚገናኙበት ብሎን በጭነት ጊዜ ይሞቃል፤ ጭነቱ ሲቀንስ ይቀዘቅዛል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ብሎኑ ቀስ በቀስ ይላላል። የላላ ግንኙነት ለጅረቱ መተላለፊያ ጠባብ ስለሚሆን ይበልጥ ይሞቃል፤ ሙቀቱም መልሶ ይበልጥ ያላላዋል። በአንድ ግንኙነት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በጅረቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ጅረቱ በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብሬከር የሚከታተለው የጅረትን መጠን እንጂ የብሎንን ሙቀት ባለመሆኑ፣ የላላ ግንኙነት ብሬከሩ ሳይወርድ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ከአቅም በላይ ጭነት። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት የሚወስድ ከሆነ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሦስት ምጣዶች በአንድ ፌዝ ላይ አብረው ቢጣዱ 48 አምፔር ይሆናል። በካዛንቺስ ምግብ ቤቶች ዘንድ ይህ ጭነት ከቡና ማሽንና ከማቀዝቀዣ ጋር ተደምሮ በምሳ ሰዓት በአንድ ጊዜ ይመጣል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ ብሬከር መለወጥ መፍትሔ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ብሬከሩ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ገመዱ ሳይለወጥ ብሬከሩ ብቻ ሲያድግ ገመዱ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

የኒውትራል መበጠስ። በባለ ሦስት ፌዝ ሕንፃ ዋናው ኒውትራል ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ 220 ቮልት ያገኙ የነበሩት ሱቆች አንዳንዶቹ ከዚያ በታች፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እስከ 380 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ሊያገኙ ይችላሉ። ምልክቱ የአንዳንዱ ክፍል አምፖል ከመጠን በላይ ሲደምቅ የሌላው መደብዘዝ ነው። ይህ ሲታይ ዋናውን ማቋረጫ ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የሚዘገየው እያንዳንዱ ደቂቃ ኮምፒዩተር፣ ማቀዝቀዣና የሕክምና መሣሪያ የሚቃጠልበት ደቂቃ ነው።

አቧራ፣ እርጥበትና ተባይ። በበጋ ከግንባታና ከመንገድ ሥራ የሚነሣው አቧራ በማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ይከማቻል። ክረምት ሲገባ አቧራው እርጥበት ይስብና ጅረት በላዩ የሚሾልክበት መንገድ ይሆናል። አይጥ ደግሞ ባልተደፈነ ቀዳዳ ገብታ የገመድ ልባስ ትበላለች።

5. የጥገና መርሐ ግብር

የሚከተለው መርሐ ግብር ለመካከለኛ የንግድ ሕንፃ መነሻ እንዲሆን የቀረበ ነው። የዕቃው አምራች ያጠረ ጊዜ ካዘዘ የአምራቹ ትእዛዝ ይቀድማል።

በየሳምንቱ፣ በሕንፃው ሠራተኛ፦
• የማከፋፈያ ክፍሉ መቆለፉን፣ ቁልፉ በጥበቃ ዘንድ መኖሩን፣ በክፍሉ ውስጥ ካርቶን፣ ቀለም፣ ነዳጅ ወይም የጽዳት ዕቃ አለመከማቸቱን ማየት።
• ሳጥኑን ሳይከፍቱ ያልተለመደ ድምፅ፣ የቃጠሎ ሽታ ወይም የጠቆረ ቦታ መኖሩን ማስተዋል።
• ጀነሬተር ካለ የነዳጅ፣ የዘይት፣ የውኃና የባትሪ ሁኔታን ማየት።

በየወሩ፦
• ሰውን ከንዝረት የሚጠብቀውን አር.ሲ.ዲ የተባለ ማቋረጫ የመሞከሪያ ቁልፍ መጫን። ቁልፉ ሲጫን ካልወረደ መሣሪያው አይሠራምና መለወጥ አለበት። ሙከራው ኃይል ስለሚያቋርጥ ኮምፒዩተሮች ከጠፉ በኋላ ይደረጋል።
• የአደጋ ጊዜ መብራቶችን መሞከር።
• ጀነሬተሩን በእውነተኛ ጭነት ማሠራት። ያለ ጭነት ብቻ የሚሞከር ጀነሬተር በሚያስፈልግበት ቀን መሸከም ላይችል ይችላል።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በባለሙያ፦
• የመጀመሪያው በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፤ ሁለተኛው በጥቅምት፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።
• የእያንዳንዱን ፌዝ ጭነት በሥራ ሰዓት መለካትና ጭነቱ በሦስቱ ፌዞች ላይ ተመጣጣኝ እንዲሆን ማድረግ።
• በሙቀት ካሜራ የዋና ማከፋፈያውን ግንኙነቶች መመርመር። ይህ ምርመራ የሚጠቅመው ሕንፃው ጭነት ላይ ሳለ ሲደረግ ነው፤ በእሑድ ጠዋት ባዶ ሕንፃ ውስጥ የላላ ብሎን አይሞቅም።
• የቱቦ መግቢያዎችን፣ የጣሪያ ፍሳሽንና የመብረቅ መከላከያን ማየት።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኃይል ተቋርጦ፦
• ማከፋፈያዎችን ከፍቶ በደረቅ መንገድ ማጽዳት።
• ብሎኖችን አምራቹ ባዘዘው ልክ በመለኪያ መፍቻ ማጥበቅ። ከልክ በላይ ማጥበቅም ገመዱን ይቆርጣል፣ ብሎኑንም ይሰብራል። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ግንኙነት ተቆርጦ እንደ አዲስ ይገናኛል እንጂ አይጠበቅም።
• የገመድ ልባስን ጥንካሬ መለካት። በ220 እና በ380 ቮልት መስመሮች በ500 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ሲለካ ውጤቱ ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም። ከመለካቱ በፊት ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ከመስመሩ ይነቀላሉ።
• የመሬት መስመርን መለካትና በበጋ የደረቀ አለመሆኑን ማረጋገጥ።
• አሳንሰርና ፓምፕ ባለበት ሕንፃ የካፓሲተር ሳጥንን መመርመር፤ ያበጠ ወይም የሚያፈስ ካፓሲተር መለወጥ።

እያንዳንዱ ምርመራ በጥገና መዝገብ ላይ ቀን፣ የተለካው ውጤት፣ የታየው ጉድለት፣ የተወሰደው እርምጃና የባለሙያው ስምና ፊርማ ሰፍሮ መቀመጥ አለበት። ከመዝገቡ ጋር ከዋናው ማከፋፈያ እስከየፎቁ ያለውን የሚያሳይ የመስመር ንድፍ ሊኖር ይገባል። ባለፈው ዓመት የተለካው ውጤት ከሌለ የዘንድሮው ልኬት መስመሩ እየደከመ መሆኑን አያሳይም።

ጊዜ ሲመረጥ የአካባቢውን የሥራ ወቅት ማሰብ ይጠቅማል። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድበት የየካቲት ወር ሆቴሎች ይሞላሉ፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ የኃይል ፍላጎት በከተማው ሁሉ ይጨምራል። የዓመቱ ጥገና ከእነዚህ ቀናት አስቀድሞ መጠናቀቅ አለበት።

6. ጀነሬተርና የመስመር ሠራተኛው ሕይወት

ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ የሚነበብ ቢሆን ይህ ሊሆን ይገባል።

ጀነሬተር ያለው ሕንፃ የከተማው ኃይልና የጀነሬተሩ ኃይል በምንም መንገድ አብረው የማይገናኙበት መለዋወጫ ማብሪያ፣ በተለምዶ ቼንጅ ኦቨር የሚባለው፣ ሊኖረው የግድ ነው። ይህ ማብሪያ ሳይኖር ወይም ተበላሽቶ ሳለ ጀነሬተር ቢነሣ፣ የጀነሬተሩ ኃይል በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ሄዶ ወደ መንገዱ ትራንስፎርመር ይገባል። ትራንስፎርመሩ ከ15,000 ወደ 380 እንደሚያወርድ ሁሉ ከ380 ወደ 15,000 ከፍ ያደርጋል። መስመሩ ተቋርጧል ተብሎ ለጥገና የወጣ ሠራተኛ በዚያች ቅጽበት 15,000 ቮልት ሊያገኘው ይችላል። እርሱ ሊጠግን የወጣው የእኛኑ መብራት ነው።

ስለዚህ፦
• ጀነሬተርን በሶኬት በኩል ወደ ሕንፃ መስመር ማገናኘት ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል።
• መለዋወጫው በሜካኒካል ቁልፍ የተጠላለፈ፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው የማይገባ መሆን አለበት። ራሱ የሚለዋወጥ ከሆነም በየስድስት ወሩ መሞከር ያስፈልገዋል።
• ሕንፃው ባለብዙ ተከራይ ከሆነ እያንዳንዱ ተከራይ በየራሱ የሚያስገባው ትንንሽ ጀነሬተር በአስተዳደሩ መመዝገብና መታየት አለበት።
• ጀነሬተር ጭሱ በሚወጣበት ክፍት ቦታ ብቻ ይሠራል። በምድር ቤት ወይም በተዘጋ መጋዘን የሚሠራ ጀነሬተር ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

7. በጥገናው ቀን የሚከናወን የሥራ ቅደም ተከተል

1ኛ. ተከራዮች ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲያውቁ ማድረግ። ክሊኒክ፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ወይም አሳንሰር ካለ አማራጭ ማዘጋጀት።
2ኛ. አሳንሰሩን ወደ ምድር ቤት አውርዶ በውስጡ ሰው አለመኖሩን ማረጋገጥ።
3ኛ. የከተማውን ኃይል፣ ጀነሬተሩን፣ የሶላር መስመርንና ዩ.ፒ.ኤስን ሁሉንም ማቋረጥ።
4ኛ. ማቋረጫውን በቁልፍ ቆልፎ «ሰው እየሠራ ነው፤ እንዳይበራ» የሚል ጽሑፍ መስቀል። ቁልፉ በሚሠራው ባለሙያ ኪስ ይቀመጣል።
5ኛ. ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ማረጋገጥ። ቴስተሩ አስቀድሞ ኃይል ባለበት ቦታ፣ ከዚያም በሚሠራበት ቦታ፣ በመጨረሻም እንደገና ኃይል ባለበት ቦታ ይሞከራል።
6ኛ. ባለሙያው አስፈላጊ ባለው ቦታ መስመሩን ከመሬት መስመር ጋር ማገናኘትና ኃይል ያለበትን አጎራባች ክፍል መሸፈን።
7ኛ. ሥራው ሲጠናቀቅ መሣሪያዎችን ቆጥሮ መሰብሰብ፣ ሳጥኖችን መዝጋት፣ ከዚያም ጭነቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ፎቅ በፎቅ መመለስ።

ሥራው ከዋናው ማቋረጫ በላይ ያለውን ክፍል የሚነካ ከሆነ ኃይሉን ማቋረጥ የሚችለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው። ጥያቄው አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀርባል።

8. ባለሙያ ስለመምረጥ

በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠሩ ባለሙያዎችና ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ ሊኖራቸው ይገባል። ይህን የመቆጣጠር ሥራ በአሁኑ ጊዜ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ያከናውናል። ባለሙያ ከመቅጠር በፊት፦

• የብቃት ማረጋገጫው ያልተቋረጠና ለሚሠራው የሥራ ደረጃ የሚበቃ መሆኑን ማየት፤
• የሚሠራውን ሥራ ዝርዝርና የሚለካቸውን ነገሮች በጽሑፍ መቀበል፤
• ሥራው ሲያልቅ የልኬት ውጤት ያለበት ሪፖርት እንዲሰጥ በውሉ ላይ ማስቀመጥ፤
• የሚተኩት ብሬከርና ገመድ ከታወቀ አቅራቢ፣ ከደረሰኝ ጋር የተገዙ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

«አጥብቄዋለሁ፤ አያሳስብም» የሚል ቃል ሪፖርት አይደለም።

9. አገልግሎት ለመጠየቅ

የኃይል መቋረጥ፣ የወደቀ መስመር፣ የትራንስፎርመር ድምፅ ወይም የቮልቴጅ መዋዠቅ ሲያጋጥም በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 በመደወል ማመልከት ይቻላል። ሲደወል የደንበኛ ቁጥር፣ ትክክለኛ አድራሻ፣ ችግሩ የጀመረበት ሰዓትና ጎረቤቶችም እንደተቋረጠባቸው መናገር ፈጣን ምላሽ ለማግኘት ይረዳል። የቅሬታ መዝገብ ቁጥር ከተሰጠ ይያዝ።

ለዕቅድ ጥገና ኃይል ማስቋረጥ፣ የኃይል ማሻሻያ ወይም የቆጣሪ ምርመራ ሲፈለግ ደንበኛው በአካባቢው ወዳለው የደንበኞች አገልግሎት መስጫ ማዕከል በአካል ቀርቦ ያመለክታል። የማመልከቻ ደብዳቤ፣ የደንበኛ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ፣ መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃድና የባለቤትነት ወይም የኪራይ ሰነድ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ለኃይል ማሻሻያ የሚገናኙት ዕቃዎች ዝርዝርና ጠቅላላ ጭነታቸው በባለሙያ ተሰልቶ ይቅረብ። ተጨማሪ ሰነድ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድሞ በ905 ማረጋገጥ ምልልስን ይቀንሳል።

10. አደጋ ሲያጋጥም

• በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው በእጅ አይንኩ። አስቀድመው ኃይሉን ያቋርጡ፤ ከዚያ ለአምቡላንስ በ907 ይደውሉ።
• በማከፋፈያ ሳጥን ላይ እሳት ከተነሣ ውኃ አይርጩ። ኃይሉን ማቋረጥ ከተቻለ ያቋርጡ፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በደረቅ ዱቄት የሚሠራ ማጥፊያ ይጠቀሙ፤ ሰዎችን በደረጃ ያስወጡ፤ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይደውሉ።
• መሬት ላይ ወደወደቀ መስመር አይቅረቡ፤ ሌላውም እንዳይቀርብ ያድርጉ፤ በ905 ያሳውቁ።

11. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

ጎረቤቶቼ መብራት አላቸው፤ የእኔ ሕንፃ ግን የለውም። ምን ላድርግ?
መጀመሪያ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ከሆነ ቀሪ ሒሳቡን ይመልከቱ። ቀጥሎ ዋናው ብሬከር ወርዶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከወረደ አንድ ጊዜ ብቻ መልሰው ይሞክሩ፤ ዳግመኛ ከወረደ ባለሙያ ይጥሩ። ብሬከሩ ሳይወርድ ኃይል ከሌለ ወይም ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ከጎደለ በ905 ያመልክቱ።

ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ ዋናውን ማከፋፈያ አያስጠግንም። ምን ማድረግ እችላለሁ?
የታየውን ጉድለት ከፎቶግራፍ ጋር በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ። በራስዎ ክፍል ያለው ማከፋፈያ በብቃት ባለው ባለሙያ እንዲመረመር ማድረግ ይችላሉ። የጋራውን ማከፋፈያ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አያስከፍቱ።

የሶኬት ማራዘሚያ ወይም ዲቫይደር በቋሚነት መጠቀም ይቻላል?
ለምጣድ፣ ለምድጃና ለውኃ ማሞቂያ አይቻልም። እነዚህ ዕቃዎች ከማከፋፈያው በቀጥታ የሚመጣ የራሳቸው ገመድና ብሬከር ሊኖራቸው ይገባል።

የዓመቱ ጥገና ግማሽ ቀን ሥራ ማስቆሙ ኪሳራ አይሆንም?
በታቀደ ቀን የሚቆም ግማሽ ቀን ሰዓቱ የሚመረጥ፣ ደንበኛ አስቀድሞ የሚያውቀው፣ ባለሙያውም ተዘጋጅቶ የሚመጣበት ነው። ማከፋፈያው ራሱ የሚመርጠው ቀን ግን ብዙውን ጊዜ ጭነቱ ከፍተኛ የሆነበት፣ ማለትም ሕንፃው በእንግዳ የተሞላበት ቀን ይሆናል።

የሕንፃ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች የጥገና መዝገብ ከሌላቸው ዛሬ እንዲከፍቱ፣ የዋና ማከፋፈያቸውን የመጨረሻ ምርመራ ቀን በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲጽፉና የሚቀጥለውን ቀን እንዲወስኑ እናሳስባለን። የመጨረሻውን ቀን የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ምርመራው ወደሚቀጥለው ግንቦት ወይም ጥቅምት ሊተላለፍ አይገባውም።